አሥር አለቃ ጎበዜን ፍለጋ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት

ዛሬም ውሃ የለም። በርሜሉ እየጎደለ ነው። ውሻውን አበላሁ፣ የግቢውን በር ከፈትሁ፣ ደጁን ጠረግሁ። ሐይቁ ከዛፎቹ ወዲያ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ምራቴ ትርንጎ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገና አልገባችም።

ለእሑዱ ጨዋታ ግዳጅ ማሰናዳት አለብኝ። እስካሁን ያለኝ፦

ጢስ ዓባይ። ዓለም ካለቀች ወዲህ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ቆሟል። ጓዱ አንዱን ተርባይን ማስነሳት አለበት። ማስነሳት የሚያውቀው ሰው በጠላት እጅ ነው። ደህና ሐሳብ። ግን ግሪስ ከየት ይመጣል? ያለ ግሪስ የሚዞር ነገር የለም። ይታሰብበት።

ሐይቁ። እምቦጭ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ጀልባ አይሄድም። ከላይ ሜዳ ይመስላል፤ ሜዳ መስሏቸው የረገጡ አሉ። ይህ ጥሩ ነው።

አንተ ደብተር፣ ይህ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜው ጨዋታ ያዘ ብለህ ታዝበኸኝ ይሆናል። ታዘብ። ጥፋቱ የተከራዬ የናትናኤል ነው። ከሐዋሳ መጥቶ ኮሌጅ የሚያስተምር ልጅ ነው። በክረምቱ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አመጣ። እሱና የግቢው ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስ የሚሉት ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር። እያንዳንዱ ወታደር ይሆናል። ዓለም ጠፍታ የተረፈ የጦር ጓድ ናቸው። አንዱ ደግሞ መሪ ሆኖ የሚያዩትንና የሚደርስባቸውን ይነግራቸዋል። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። የጭነት መኪናቸው ያለ ናፍጣ፣ ያለ ውሃ ከመሸንቲ ጎንደር ገባ። ውሸት ነው አልሁ። እኔ ጉልምስናዬን በወታደር መኪና ሥር ተንጋልዬ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ናትናኤል መጽሐፉን አንሥቶ ሰጠኝ። «እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ይምሩና እኛ እንሙት» አለ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከዚያ ወዲህ የምመራው እኔ ነኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ተጫወቱ። ተበሳጨሁ።

ናትናኤል ሾፌር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዲ/ን ይትባረክ መትረየስ ተኳሽ ነው፤ አባቱ ደሴቱ ላይ ካለው ገዳም ያገለግላሉ። የጓዱ አዛዥ መቶ አለቃ ትርንጎ ናት፣ የልጄ ሚስት። ቤት ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ታዝዛለች።

ጢስ ዓባይን አቀረብሁላቸው። ግሪሱን ሳይቀር አስቤበት ነበር። አልሄዱም። ትርንጎ መኪናውን አስዞረች። ወደ ወንዙ፣ አሥር አለቃ ጎበዜ ወደ ጠፋበት።

ጎበዜ የሌላው ተከራይ ወታደር ነበር። ልጁ በክረምቱ ማብቂያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ወታደሩ በጨዋታው ወንዝ ሲሻገር ቀረ። ልጆቹ ሞቷል ብለን ትጥቁን እንካፈል አሉ። ማን አየ? አልኋቸው። ማንም። እንግዲያው አልሞተም። ያልታየ ሞት አይመዘገብም። በወረቀቱ ላይ ደብዛው ጠፍቷል ብዬ ጻፍሁ። በመጽሐፉ የሌለ ሕግ ነው፤ የኔ ሕግ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ወንዝ ይዞራሉ። ዛሬም ናፍጣው በከንቱ ሄደ። ጠጠሩን ወረወርሁ፤ ምንም አልተገኘም። ዲያቆኑ፣ አሥር አለቃ ጎበዜ አዲስ አበባ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ እኛ እዚህ ደንገል ውስጥ እንበሰብሳለን አለ። ናትናኤል እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ትንሽ። ትርንጎ አልሳቀችም። የሚመጣው እሑድም እንፈልጋለን ብላ ወረቀቷን አጠፈች።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ውሃ መጣ። ቡናማ ነው።

ከወንዙ የሚያርቃቸው ግዳጅ ያስፈልጋል። ሐሳቦች፦

ወንዛዬ። ፍል ውሃው አሁንም ይፈልቃል። የኛም የጠላትም ቁስለኛ በአንድ ቀን ይታጠባል፤ መሣሪያው በአንድ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሲወጡ የማን የማን እንደሆነ ማን ይለያል? ጥሩ።

ደሴቱ። ቁስለኛ ወታደር ገዳም ውስጥ አለ። ሴት አትገባም። አዛዧ ሴት ናት። ዲያቆኑን፣ ዓለም ከጠፋች በኋላም ሥርዓቱ ይጸናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሄዶ አባቱን ጠየቀ። ይጸናል አሉ፣ ሴቲቱ ታንኳ ላይ ትጠብቅ። ለትርንጎ ነገርኋት። ግድ የለም፣ መጠበቅ የማውቀው ሥራ ነው አለች። ድስቱን ማጠቧን ቀጠለች።

መጻፍ ያልፈለግሁትን ልጻፍ።

ልጄ ሙሉቀን ጦርነት ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ልጅ ከመሸንቲ መጣ፣ አብሮት የነበረ። ውሻው ጮኸበት፤ እኔ ያዝሁለት። ትርንጎ በቆመችበት ተናገረ። ከምሽጉ ሲወጡ ሙሉቀን አልወጣም፣ በኋላም ምሽጉ ተመታ። ሲወድቅ አየኸው? አልሁት። አላየሁም አለ። ሬሳውንስ? አላየሁም። እንግዲያው የምትነግረኝ ነገር የለህም ብዬ ሸኘሁት። እህል ሳይቀምስ። ትርንጎ አላለቀሰችም። ፊቴን አየች፤ የምታነበው ነገር አጣች።

በመስከረም የእድሩ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ቆሙ። በሳላቸው ለየኋቸው። ውሻው እንኳ ለየ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ስንቱን ቤት በዚያ ሰዓት አንኳኩቻለሁ። መርዶ ሲኖር እኔን ይመርጡኝ ነበር፤ ፊቴ አይለወጥም ብለው። መቀርቀሪያውን አላነሣሁም። ቆመው ቆመው ሄዱ።

ማን አየ?

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

መጥፎ ቀን። የይትባረክ ወታደር ሞተ።

ቀላል ነበር። ወንዙ ዳር ያገኘው ቁስል መግል ይዟል። መድኃኒቱ መሸንቲ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ። ትርንጎ ግን መጀመሪያ ወንዙን አንድ ጊዜ አለች። ናትናኤል ለመናት። አንድ ጊዜ ብቻ አለች። ሌሎች መሪዎች ጠጠሩን በእጃቸው ከልለው ይወረውራሉ አሉ። እኔ በግላጭ ነው የምወረውር። ወረወርሁ። ሞተ።

ዲያቆኑ ሊቀልድ ሞከረ፤ ለካ ለጎበዜ ሲባል የምቀበረው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ የወታደሩን ወረቀት አጠፈ። ሦስት ወር ሙሉ ያሳደገው ሰው ነው፤ ስም አውጥቶለታል፣ እናት ሰጥቶታል።

ትርንጎ ወደኔ ዞረች። ጎበዜ የት እንዳለ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልሁ። ናትናኤል ጣልቃ ገባ፤ መሪው ማወቅ አለበት፣ መሪው የወሰነው ነው የሚሆነው አለ። አላውቅም አልሁ ደግሜ።

«የሚያውቅ ከሌለ እስከ መቼ ነው የምንዞረው አባባ?» አለች።

ቧንቧው ይንጠባጠባል ብዬ ተነሣሁ። ቧንቧው አይንጠባጠብም ነበር።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

ጾም ገብቷል። ሆዴ ባዶ፣ ጭንቅላቴ ንጹሕ። የጎበዜን ፍጻሜ ልወስን ተቀመጥሁ። መሪው የወሰነው ነው አይደል የሚሆነው?

ሀ. ወንዙ ወስዶታል። — ልብሱ ይገኝ ነበር።

ለ. ተማርኳል። — ወሬ ይላክ ነበር፣ ይለወጥ ነበር።

ሐ. ሩቅ አገር ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል። — ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ? ሠረዝሁት።

መ.

«መ»ን ባዶ ተውሁት።

ትናንት የትርንጎ ወንድም ከወንዛዬ መጥቶ ነበር። ጨዋ ገበሬ። በወጉ ተቀመጠ፣ በወጉ ጠየቀ። ልጅ ናት፣ ልጅ አልወለደችም፣ ቤተሰቧ ጋ ትግባ አለ። አልከለከልኋትም አልሁ፤ ማን አሰራት? ኮፍያውን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«በገመድማ አልታሰረችም አባቴ። በእርስዎ ‹ማን አየ› ነው የታሰረችው።»

ላስወጣው አስቤ ነበር። አላስወጣሁትም። እስከ በሩ ሸኘሁት።

ግን ሐሳብ መጣ፣ ለእሑድ። ጦርነቱ አልቋል። የሚያዝዝ የለም፣ የሚተኮስበት የለም። ለጓዱ የቀረው ግዳጅ አንድ ነው፤ የሞቱትን ስም በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ቤቶች ማድረስ። መርዶ። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ግዳጅ የለም። ከተርባይኑ ይከብዳል።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ብርድ ነው።

ይትባረክ አዲስ ወታደር ይዞ መጣ፣ ወጥ ቤት። ቢያንስ ስሞት ጠግቤ ነው አለ። ጥሩ ጅምር ነበር።

የመጀመሪያው መንደር። ናትናኤል የሟቹን እናት ገበያ መሐል በጠራራ ፀሐይ አግኝቶ ሊነግራት ተነሣ። አስቆምሁት። እንዲህ አይደለም አልሁ። ዘመድ በጎረቤት ቤት ቀድሞ ይሰበሰባል። ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ሰው ሥራ ሳይጀምር፣ እሳት ሳይነድ። ብቻዋን አትሰማም፤ የሚደግፋት ከግራ ከቀኝ ይቆማል። ከተሜው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። እኛ ጋ ስልክ ይደወላል አለ። ይትባረክ በክርኑ ጎሸመው።

ሁለተኛው ቤት ደህና ሄደ። ሦስተኛውም። እኔ እናት እሆናለሁ፣ አጎት እሆናለሁ፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ የማናግረው እኔ ነኝ።

መጨረሻ ላይ የጎበዜን አባት ቤት አስቀምጬ ነበር። ለምን እንዳስቀመጥሁት አትጠይቀኝ።

ደረሱ። አንኳኩ። አባትየው በሩን አልከፈተም። እሱን ሆኜ ከውስጥ፣ ማን አየ? አልኋቸው።

ናትናኤል ወረቀቱን አገላበጠ። ዲያቆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ትርንጎ ጠጠሩን ከእጇ አስቀመጠች። ወረቀቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየች። ቀስ ብላ ነው የተናገረች፣ ከበር ወዲያ ላለ ሰው እንደሚነገር።

«አባባ፣ ያየ የለም። ቢችል ኖሮ ግን የሚመጣው ወደዚህ ነበር።»

መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ምን እንደምፈልግበት አላውቅም። ለዛሬ ይብቃን አልሁ። አባትየው ይክፈት አይክፈት አልተናገርሁም። ይትባረክ ሳይታዘዝ ጠጠሮቹን ለቅሞ ከረጢት ውስጥ ከተተ።

እንዲህ ያለ ማስረጃ አላውቅም። ማንም አላየውም፣ የሚዳሰስ አይደለም። ግን ልጄን አውቀዋለሁ። ቢሰበር እየዳኸ፣ ቢታወር ሰው እየመራው፣ ይህንን በር ያገኘው ነበር።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የእድሩ ሊ/መንበር ቤት ሄድሁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እኩያዬ። መቀመጫ ሰጡኝ፤ ቆሜ ተናገርሁ። የመሸንቲው ልጅ ይጠራ፣ አብሯችሁ ይምጣ፣ አሁን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፣ በልቶም ይሄዳል አልሁ።

ሞቱን ተቀበልህ ወይ አሉኝ።

«አልተቀበልሁም። እንዲነገረኝ ግን እፈልጋለሁ» አልሁ።

ሰው የራሱን መርዶ አያዝዝም አሉ። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ቀኑን አትንገሩኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ጎህ ሳይቀድ አንኳኩብኝ አልሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ትርንጎ የሌሊት ፈረቃ ባለባት ቀን አይሁን። ከፋብሪካ ደክማ ስትመለስ ግቢው ሰው ሞልቶ እንዳታይ። የሷም ሰዎች ከወንዛዬ ይጠሩ፣ የሚደግፋት ወንድሟ ይሁን። አንገታቸውን ነቀነቁ። ሲሸኙኝ እጄን ይዘው ቆዩ። አላስለቀቅሁም።

ቤት ገብቼ የበሩን መቀርቀሪያ አወጣሁ። ትርንጎ ልብስ ታሰጣ ነበር። አየችኝ። መጥታ ብረቱን ከእጄ ተቀበለችና ወጥ ቤት ወስዳ ከማገዶው ኋላ አስቀመጠችው። ተመልሳ የቀረውን ልብስ አሰጣች።

ኅዳር 26፣ ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

እንቅልፍ የለም። ትናንት አልመጡም። ከትናንት በስቲያም።

ጊዜውን በሥራ ልግፋው። ለእሑድ፦ ጓዱ ወደ ጢስ ዓባይ ይሄዳል። ግሪሱ መሸንቲ መጋዘን ውስጥ ይገኛል፣ ከመድኃኒቱ ጋር፤ ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ እንጃ። ወንዙን ይሻገራሉ፣ አይዞሩበትም። የጎበዜን ወረቀት ግን ገና አልነካሁትም። መጀመሪያ ለኔ ይነገረኝ። ከዚያ እጽፋለሁ፣ በራሴ እጅ። ትጥቁን የይትባረክ ወጥ ቤት ይውሰድ፤ ጫማውን ናትና—

የእግር ድምፅ። ብዙ ነው፣ ቀስ እያለ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ውሻው አልጮኸም፤ የሚያውቃቸው ናቸው። ትርንጎ ከክፍሏ ወጥታ ነጠላዋን እያጣፋች መጥታ አጠገቤ—