ጥገኛው ማን ነው?

ጥር 6
ፈተና የለ፣ የቤት ሥራ የለ... የሰላም ቀን። አባቴ ከፖሊስ ጣቢያ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ከተማው ለፖሊሶች አዲስ ጥቅማጥቅም ፈቀደ! የደሞዙ ጭማሪ እንኳ... ተይው። «የጫማ ቀለም ይገዛል» አለች እናቴ። ዋናው ሕክምናው ነው። ከእንግዲህ የፖሊስ ወላጅም በነጻ ይታከማል። የአያቴ ዓይን! ሞራ ከጋረዳት ሁለት ዓመት አለፋት። ትናንት በሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል» ስትለው ነበር።

ጥር 8
የሕክምናው ቅጽ መጣ። አንባቢዋ እኔ። አፌን በቆረጠው! «የጥገኛ ሙሉ ስም» ብዬ እንደወረደ አነበብኩታ።
«የምን?»
«የጥገኛ... እማማ።»
«እኔ መዥገር ነኝ? ትኋን ነኝ? አልፈርምም!»
አባቴ «እማዬ፣ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው እኮ» ቢላት፣ «መሥሪያ ቤቱን አልወለድኩም፤ የወለድኩት አንተን ነው!»
ሳጅን አባቴ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሌባ የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ!

ጥር 11
ወይ ፍንክች። ቅጹ እስከ አርብ ካልገባ ደግሞ ለከርሞ ነው። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ከቆየች ዓይኗን ማዳን ያስቸግራል» ብሏል። ታዲያ ቃሉን ሰርዤ «እመቤት» ልበልበት? አልኩ።
«ሰነድ መደለዝ ወንጀል ነው!» አባቴ ጮኸ።
በገዛ ቤቴ ልታሰር!

ጥር 13፣ ሐሙስ
አገኘሁት! የራሴን ቅጽ አዘጋጀሁ። የጥገኛ ስም፦ ሳጅን አባቴ። ጥገኛ የሆነበት ዘመን፦ ከተወለደ እስከተቀጠረ። ያገኘው ጥቅማጥቅም፦ ጡት፣ ጫማ፣ ኩርኩም። ማኅተሙን በጠርሙስ ክዳን መታሁበት።
ጮክ ብዬ ሳነብ አያቴ ሳቋን እየታገለች፣ «ኩርኩሙ ላይ ‹በየቀኑ› በይበት፣ አንቺ ቀልማዳ» አለች። ወደ አባቴ ዞራ፣ «ፈርም!»
ማኅተሙን አየ። እኔን አየ። «ይሄ እኮ ሐሰተኛ ማኅ...»
«ፈርም አልኩህ!»
ፈረመ። ማዕረጉን ሳይቀር ጻፈ። ከዚያ እሷም የእሱን ቅጽ ፈረመች። ግማሹ ፊርማ ጠረጴዛው ላይ ቀረ እንጂ...

የካቲት 2
ቀዶ ጥገናው አለቀ። አያቴ ስታንኮራፋ አባቴ ኮሪደሩን ሲዞር ዋለ። ዘብ ነው የሚመስለው።

የካቲት 3
ጠዋት ፋሻው ተነሳ። አባቴ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ወደ ሥራ ሊሮጥ ሲል።
አያቴ ራሱን ጎንበስ አድርጋ አየችው።
«ሸበትክ» አለችው።
አሥር ፖሊስ አሰልፎ የሚፈትሸው ሰው ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው።
«ቁልፍህን አዛንፈህ ነው እንዴ ከተማ የምትጠብቀው? ና ወዲህ!»
ፈታችና አንድ በአንድ፣ በዓይኗ እየፈለገች ቆለፈችለት። ነርሷ ሳቀች። እኔም። አባቴ ግን አፍንጫውን ሁለቴ ሳብ አደረገ... ጉንፋን ነው አለ። ጉንፋን!
ሥራ ዘግይቶ ገባ። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።