የእማሆይ ንቦችና የእኔ ፍሊት

ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2001

የዐሥረኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ስለ ነርቭ የጠየቅኳት አንዲት ጥያቄ ሁሉንም ጣለቻቸው። እኔን ደግሞ ቁንጫ ጨረሰኝ። ፍሊት ገዛሁ… በቃኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ምን ነካኝ? ማለዳ በዚያ ብርድ መስኮቱን በርግጄ ክፍሌን ፍሊት ነፋሁ። የአከራዬ የእማሆይ ወለተ ኪዳን ቀፎ እኮ ከመስኮቴ በላይ፣ ታዛው ሥር ነው የተሰቀለው! ብወጣ ንቦቹ መሬት ላይ በጀርባቸው ወድቀው ይንቀጠቀጣሉ።

እማሆይ ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ተስለውታል። አንድ ቀፎ ነው ያላቸው። ምን ልበላቸው?

«የያለምወርቅ ዓይን ነው» አሉ እማሆይ ወጥተው ሲያዩ። ጎረቤታችን ትናንት «ቀፎው እንዴት ሞልቷል» ብላ ነበር፤ ያ ነው ወንጀሏ። የአጥሩን በር ቀረቀሩባት። እኔ… ዝም። አፈርኩ በራሴ።

አስተማሪ ነኝ እኮ። የነርቭ ሴል ለሶዲየም በር አለው፤ ይከፈታል፣ መልእክቱ ያልፋል፣ ይዘጋል። ፍሊት በሩን ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል። ሶዲየሙ መግባቱን አያቆምም፣ ነርቩ ዕረፍት ያጣል። ብርድ ሲሆን ይብሳል። ከሞቀስ? ጥቂት ብቻ የነካቸው በራቸው ሊዘጋ ይችላል…

በወረቀት እያነሣሁ ሰፌድ ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው።

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«ላሙቃቸው ነው፣ እማሆይ።»

«ዓይን በፀሐይ ይለቃል?» አሉና ገቡ።

አምስት ሰዓት ላይ አንዷ ተገለበጠች። እግሯን ጠራረገች… በረረች። ከዚያ ሌላዋ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ብዙዎቹ ሞተዋል። ቀፎው ግን ይጮኻል፣ ይገባሉ ይወጣሉ። ተመስገን።

የአጥሩ በር አሁንም እንደተቀረቀረ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለእማሆይ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ፍሊቱን፣ መስኮቱን፣ ዝም ማለቴን። ያስወጡኛል ብዬ ነበር። ቀና ብለው ቀፎውን አዩ።

«ታዲያ ያችን ሴት ምን ልበላት?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ቀደሙኝ። ያለምወርቅ በር ላይ ስታየን ደነገጠች። እማሆይ «ይቅር በይኝ» ከማለታቸው…

«ውይ፣ ጨረሱ እንዴ?» አለች። «በሩ ሲዘጋ ሱባኤ የገቡ መስሎኝ፣ ልጆቹን እንዳይጮኹ ሁለት ቀን ስቆጣ ሰነበትኩ እኮ!»

እማሆይ መሬት መሬት አዩ። እኔን ሳቅ አመለጠኝ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ያልሳቅኩት ሁሉ። ከዚያ ቁጭ አልንና ስለ ፍሊቱ ነገርናት።