በሁለት ወር እንዲያፈራ ስለታዘዘው ሙዝ

ለተከበሩ ጓድ ተክለሃይማኖት፣
የኩልፎ ዳር አትክልተኞች ማኅበር የዕቅድ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
አርባ ምንጭ።

በቅድሚያ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዕቅድ ሰንጠረዥ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከውሃ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ግብ የሌለው መሪ መቅዘፊያውን ጥሎ አባያ ላይ እንደሚንሳፈፍ ጀልበኛ ነው ብለው በታኅሣሥ ስብሰባ ሲያስተምሩን፣ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እኔ ኦይታ ዳምጤ ነበርኩ። ዛሬም አምናለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ክስ ሳይሆን ምስጋና መሆኑ ይታወቅልኝ።

1ኛ/ እስከ የካቲት አጋማሽ በመንገዱ ዳር አምስት መቶ እግር ያፈራ ሙዝ እንዲታይ ግብ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ሙዝ ተተክሎ ለማፍራት ዓመት እንደሚፈጅ ሊያስረዱ የተነሱትን ሽማግሌዎች፣ ጊዜ እንዳይባክን ብለው አስቀምጠዋቸዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ሙዙ ግን በስብሰባው ስላልተገኘ ውሳኔውን አልሰማም።

2ኛ/ ቀኑ ሲደርስ ከየጓሯችን ያፈራው ሙዝ፣ ከእኔም ሃያ ሦስት እግር፣ ዘለላው እንደተንጠለጠለ ተነቅሎ በመንገዱ ዳር ተተክሎ፣ በባላ ተደግፎ ልማቱን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶችን ተቀብሏል። እንግዶቹ ከመኪና ሳይወርዱ አጨብጭበው አልፈዋል፤ ዕቅዱም መቶ አራት በመቶ መሳካቱ ተነግሮናል። በሳምንቱ ሁሉም ደረቀ፤ ሪፖርቱ ቀድሞ ስለተላከ ግን መድረቁ ማንንም አላስቸገረም።

3ኛ/ ማክሰኞ ማክሰኞ የነበረኝ የቦይ ውሃ ተራ ለመንገድ ዳሩ ሙዝ ተሰጥቶ እስከ ዛሬ የደረቀ ግንድ ያጠጣል፤ ለካስ ማጠጣት ራሱን የቻለ ግብ ኖሮት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ መፈጸም አለበት። የተረፉኝን አሥራ ስድስት እግሮች ባለቤቴ ዘሪቱ ከኩልፎ በእንስራ እየቀዳች፣ ወገቧን ይዛ ታጠጣለች። እነሱም ከደረቁ ልጆቻችን የሚበሉት የላቸውም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም ጓድ፤ አንጀቴ አሯል።

ከእርስዎ በተማርኩት መሠረት እኔም አንዲት ግብ አስቀምጫለሁ፤ በመጪው ማክሰኞ ውሃው ወደ ጓሮዬ ይግባ። ቦዩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ መክፈቻው አንድ አካፋ ነው፣ የሚፈጀውም ግማሽ ቀን ነው። የጎደለው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው።

በጥላዎ ሥር ለመቀመጥ ታድሎ፣ ጥላ የሚሰጠው ሙዝ የተነቀለበት፣
ታዛዥዎ ኦይታ ዳምጤ
መጋቢት 1975 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የመጪው ዓመት ግብ አንድ ሺህ እግር መሆኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብቤ ለዘሪቱ ነገርኳት። እሷም የከበረ ሰላምታዋን አስቀድማ፣ አሥራ ስድስቱን ሊነቅል የሚመጣው ሰው እርስዎ ራስዎ እንዲሆኑ ትለምናለች፤ እዚያው ሙዙ ሥር ቆማ ትጠብቅዎታለች፣ የዚያን ቀን በእጇ የምትይዘው ግን እንስራ አይሆንም።