የዋርካ ሥር ዝርገፋ

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ከሰዓት

ጭነት ገብቷል። አይሱዙው እስኪራገፍ ድረስ የመርካቶ በርበሬ ተራ በሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ኩሊዎቹ አፋቸውን በፎጣ አስረው፣ እየተራገሙ ነው የሚሸከሙት። የዘንድሮው በርበሬ ደህና ነው። አንድ ዛላ ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት፤ ፍሬው ተንኳኳ። ደርቋል። ተመስገን።

ሐጂ ሲራጅ ግን ለሻይ አልመጣም። ሱቁ ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ነው። ጭነት በገባ ቁጥር አብረን ነው የምንጠጣው፤ ልማድ ነው። ዛሬ አየኝ፣ እጁን ከፍ አደረገልኝ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ምን አደረግኩት?

ሌላም አለ። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ አንዲት ልጅ ከአገር ቤት መጥታለች። መቅደስ እባላለሁ አለች። የአገር ቤቱ የበርበሬ ማኅበራችን ጽ/ቤት ነው የላካት። ታሪካችንን ልትጽፍ። መጽሔት ሊታተም፣ በዓል ሊደረግ። ማኅበሩ ሲጀመር ከነበሩት በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት ይባላል፣ አለችኝ። ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ቀን ነይ አልኳት። ስትወጣ የመጋዘኑን በር በስልኳ ፎቶ አነሳች። ለታሪክ በር ምን ያደርጋል?

ወደ አመሻሹ የማኅበሩ ሊ/መንበር ደምሴ ደወለ። ወትሮ ስለ ጭነት ብቻ ነው የሚያወራው። ዛሬ ጉልበቴን ጠየቀ። እንቅልፌን ጠየቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ መጣ። ልጅቷ ትጠይቅዎታለች፣ መቼም አባቴ በየነ ማኅበሩን እንደጀመረ ያውቃሉ፣ ከእርስዎ አፍ ቢሰማ ደስ ይለኛል። ልሰናበተው ስል ደግሞ፣ መጋዘኑ ለሌላ ይከራይ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል አለ። "ግን ጋሽ ወልዴ፣ ለአባቶች መቼም ቦታ አይጠፋም።"

የት እንደምኖር አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል። ባለቤቴ አስካለ ያረፈችባት ክፍል ናት። ሌላ ቤት የለኝም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ። ጠዋት

ልጅቷ ከሐጂ ሱቅ ስትወጣ አየሁ። እስከ በሩ ሸኛት። ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ ከዚያ ሁለቱም ወደኔ መጋዘን ዞር አሉ። የምጠርግ መሰልኩ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ።

የሐጂ ልጆች አድገዋል። ሱቁ ጠቧቸዋል። መጋዘን ቢያገኝ አይጠላም።

ይህን ጽፌ አፈርኩ። አልሰረዝኩትም።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች። ለሷ የምለውን ገና አላውቅም። ላንተ ግን ልንገርህ።

ማኅተማችን "ኅብረት ሥራ" ይላል። እኛ የዱሮዎቹ ግን ክበብ ነው የምንለው፤ የመንደራችን ዋርካ ሥር ከበን ስለምንቆም። አንድ ዓመት ሐጂ (ያኔ መካ አልሄደም፣ ሲራጅ ብቻ ነበር) የመንደራችንን ጭነት ሻግቷል ብሎ በሙሉ መለሰው። ለካ አንዱ ሰው ሚዛን እንዲያነሣለት ውኃ አርከፍክፎበት፣ እርጥቡን ከጆንያው መሐል ደብቆታል። ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ጆንያ ተዛመተ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ስለዚህ ሁሉም ሆነ። ደቦ ቀረ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ተራርቆ ተቀመጠ።

ሁለተኛውን ጭነት ዋርካው ሥር ከምረን መኪና ስንጠብቅ፣ አስካለ ተነሣች። የኛን ጆንያ አስወረደችኝ። ጎረቤታችንን እማማ ብዙነሽን ጠርታ "እስቲ ዘርግፊው" አለቻት። ራሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። ተዘረገፈ። ደረቅ ነው። ከዚያ ሄዳ ከጎኑ ያለውን፣ የጋሽ በየነን፣ አንድ ቃል ሳትናገር ዘረገፈችው። መሐሉ እርጥብ።

አስካለ ተንበርክካ እርጥቡን ከደረቁ ትለይ ጀመር። አንዷ አገዘቻት። ሌላውም ተቀመጠ። በመጨረሻ በየነ ራሱ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ለቀመ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። የማንም ጆንያ በጎረቤት እጅ ሳይዘረገፍ መኪና ላይ አይወጣም። ባለቤቱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። መልሶ የሚሞላውም፣ አፉን የሚሰፋውም ጎረቤቱ ነው። ሐጂ ይህን ሰምቶ ነው ዳግመኛ መግዛት የጀመረው። ጭነቱን የሚጠብቅ ሰው መርካቶ ይቀመጥ ሲባል እኔና አስካለ መጣን።

ሁለተኛ ሕግም አለ። ዋርካው ሥር የተዘረገፈ ከዋርካው ሥር አይወጣም። የበየነን ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ያነሣ ሰው የለም። በሰላም ኖረ፣ ተከብሮ ሞተ።

እንግዲህ ብናገር ሕጉን አፈረስኩ። ባልናገር አስካለን ደግሜ ቀበርኳት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

መጣች። ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን በመካከላችን አስቀመጠች፤ ይቀዳል። መጀመሪያ ስለ ዋርካው፣ ስለ መንገዱ። በደንብ ነው የምትጠይቀው፣ ሰው አታቋርጥም። ይህም አስፈራኝ።

ዝርገፋን ማን ጀመረው አለች።

ጋሽ በየነ፣ አልኩ። ቃሉ እንዴት ቀለለኝ።

ከዚያ እንደገና ጠየቀች። ሌላ ሰው አልነበረም? የለም አልኩ። ፊቷ ወረደ። ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። በሩ ላይ ቆማ የባለቤቴን ስም ጠየቀችኝ። ምን ሊያደርግላት? አስካለ ይባሉ ነበር አልኳት። አንቱ አልኳት፣ ለገዛ ሚስቴ፣ ለማላውቃት ልጅ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ተ/ሃይማኖት አስቀድሼ መጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አገኘሁ። ሰው እጠራጠራለሁ አልኳቸው። ማንን አሉኝ። ጎረቤቴን። ምን አጠፋ? አላውቅም። "ያላወቅከውን ትተህ፣ አንተ ያጠፋኸውን የምታውቀውን ንገረኝ" አሉ። ሰው ጠራቸው፤ ሄዱ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው የከፋው።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ። ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን። ከአብነት እስከዚህ ድረስ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ጭሱ ከበርበሬው ጋር ተደባልቆ ዓይን አያስገልጥም። የስሜ ቀን ነው፤ ወልዴ የሚሉኝ ወልደ ሚካኤልን አሳጥረው ነው። ማንም እንኳን አደረሰህ አላለኝም። ሐጂ በየዓመቱ ይል ነበር።

ሾፌሩ መጣ፤ ወሬ አይደብቅም። "ጋሼ፣ የሊቀ መንበሩን ልጅ እንዴት አገኟት?" አለ። የማንን ልጅ? "መቅደስን ነዋ። የደምሴ ልጅ አይደለች? አያቷን ቁርጥ።"

ሾፌሩ ሲሄድ በሩን ዘጋሁ።

የበየነ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው። ታሪክ የሚባል የለም። አፌን ሊፈትኑ ነው የላኳት።

ከሰዓት ደምሴ ደወለ። "ድምፅዎን ሰማሁት፣ ጋሽ ወልዴ። እግዜር ይስጥልኝ።" አለቀ። ስለ መጋዘኑ አላነሣም። እሱ ስልኩን በዘጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁለት ሰዎች መጥተው የመጋዘኑን ግድግዳ በሜትር ለኩ። ማን ላካችሁ ብል፣ "አይ፣ ዝም ብለን ነው" አሉኝ። ዝም ብሎ ግድግዳ የሚለካ ሰው አላየሁም። ሲጨርሱ ወደ ሐጂ ሱቅ ገቡ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ። የጾም መግቢያ

ጾሙን በጠብ ጀመርኩት።

ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ገበያተኛ ነበር፤ አላፈርኩም። መጋዘኑን ከፈለግከው ለኔ ንገረኝ፣ ከልጅ ጋር ምን ያንሾካሹክሃል አልኩት።

ሐጂ ገበያተኛውን ሸኘ። መነጽሩን አወለቀ። "ወልዴ፣ በርበሬው ዓይንህ ገብቶ ነው ወይስ ልብህ?"

ከዚያ ነገረኝ። መጋዘኑን ተከራየው ብሎ የለመነው ደምሴ ራሱ ነው። ሐጂ እምቢ ብሏል። ደምሴ ሌላ ተከራይ ፈልጎ አላጣም፤ ግድግዳውን የለኩት የዚያ ሰው ናቸው፤ ሐጂ ዘንድ የገቡት ውኃ ለመጠጣት ነው። ይህን ለኔ መንገር ስለከበደው ነው ከሻይ የቀረው። ልጅቷም ዝርገፋን ማን ጀመረው ብላ ጠይቃዋለች። ምን አልካት አልኩት።

"እኔ ጭነት የመለስኩ ነጋዴ ነኝ አልኳት። የቀረው የወልዴ ነው፤ ከአፉ አልነጥቀውም አልኳት። አስካለን የማላውቅ መሰለህ? እዚህ ቆማ እያንዳንዱን ጆንያ ስታስዘረግፈኝ አልነበር? አንተ ግን ምን አልካት?"

ወጣሁ። በስተኋላዬ ሻይ አዘዘ፤ ለራሱ ብቻ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ። ጠዋት

መቅደስ ልትሰናበተኝ መጣች። ቁጭ በይ አላልኳትም። አባትሽ ልኮሽ እንደሆነ አውቄያለሁ አልኳት።

አልካደችም፤ ደግሞም አላመነችም። ቆማ ተናገረች። አያቷ ሊሞት ሲል ጠርቷት ነግሯታል። "የኔን ጆንያ አስካለ ናት የዘረገፈችው፤ ያን ቀን ባትዘረግፈው ሌባ እንደሆንኩ እሞት ነበር" ብሏታል። ሕጉስ ብላ ጠየቀችው። "ሕጉ የጎረቤትን አፍ ነው የሚዘጋው፤ ጆንያው የኔ ነው" አላት።

አባቷ ግን፣ ሽማግሌው በትኩሳት ነው የቀባጠረው፣ አይጻፍም ብሏል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለገች። የደምሴ ልጅ ነኝ ካልኩ ጋሼ እውነቱን አይነግሩኝም ብላ ደበቀች።

"ስለዚህ ነው ሁለቴ የጠየቅኩዎት" አለችኝ።

እሷ እኔን ፈርታ ማንነቷን ደበቀች። እኔ እሷን ፈርቼ አስካለን።

ቅጂውን አባቷ ሰምቶታል፤ አምጪ ሲላት እምቢ ማለት አልቻለችም። በዓሉ እሑድ 23 ነው፣ ዋርካው ሥር። መጽሔቱ ይታደላል፤ ታሪኩ ይነበባል። አያቷ ጀመረው ተብሎ። በኔ ምስክርነት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሥራ አልያዝ አለኝ። አንድ ዛላ አንሥቼ ነቀነቅኩ፤ ተንኳኳ። ቢያንስ በርበሬው አልዋሸም።

ራሴን ጠየቅኩ። ለምን ዋሸሁ? ለክፍሏ ብዬ። አስካለ ያረፈችባትን ክፍል ላለመልቀቅ አስካለን ለቀቅኩ። ይህን ስታይ ምን ትለኝ ነበር? ምንም አትልም። ተንበርክካ መልቀም ነው የምትጀምረው።

ሐጂን ሌባ አደረግኩት። ልጅቷን ሰላይ አደረግኳት። ሁሉንም ስዘረግፍ የራሴን ጆንያ ማንም አልነካውም። ከደጅ ደረቅ ነኝ። መሐሉን እኔ አውቃለሁ።

ደምሴን መጠርጠሬ ግን ትክክል ነው። ይህንንም ልጽፈው ይገባል፤ ካልጻፍኩ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው።

ኅዳር 21፣ ዓርብ። ጽዮን

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ። ከጁምዓ እስኪመለስ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። ብዙ ላወራ አስቤ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

ቁልፉን እያዞረ፣ "ሻዩን ማን ነው የሚከፍለው?" አለ።

እኔ አልኩ።

"እንግዲያ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። ሁለት ስኒ ነው የምጠጣው ግን፤ አንዱ ለቅዳሜው ጠብ ነው።"

ልጅቷን ያልነገርኳትን እሱ ፊት ተናገርኩ። ተሰማ፣ አልገደለኝም። እሑድ እሄዳለሁ አልኩት። መንገዱ ለጉልበትህ አይሆንም አለ። ይሁን አልኩ። ደምሴ ቁልፉን ይቀበልሃል አለ። ይቀበል አልኩ። ይህን ስል ድምፄ አልጠነከረም፤ ሐጂም ሰምቶታል። ስኒውን አስቀመጠ። "እኔም እመጣለሁ። ያን ጭነት የመለስኩት እኔ አይደለሁ? እኔ በሌለሁበት ማን ሊያወራው ነው?"

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ። ጠዋት

አይሱዙው ባዶውን ይመለሳል። ሐጂ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዟል፤ ሾፌሩን በርህ አይዘጋም፣ መስታወትህ አይወርድም እያለ ያስጨንቀዋል።

መጋዘኑን ቆለፍኩ። ክፍሏን መጨረሻ ነው የቆለፍኩት። ነጠላዋን ይዣለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው፤ ደምሴ ከጠየቀኝ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ከዚያ የት እንደማድር አላውቅም።

ቆርጫለሁ። ሊያነቡ ሲነሡ እቀድማቸዋለሁ። ዋርካው ሥር እገባለሁ። እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። መቅደስ፣ በይ በሁሉ ፊት እንደገና ጠይቂኝ እላታለሁ። ለሷ የነገርኳትን ውሸት እናገራለሁ። የኛን ጆንያና የአስካለን እጅ እናገራለሁ። የበየነን አልነካም፤ እሱ ለሷ የተወላት ነው፣ ብትፈልግ ትናገር፣ ባትፈልግ ትተው።

ከዚያ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። የሚለቅመውም የሚሰፋውም ጎረቤት ነው።

ሐጂ ጥሩምባውን ራሱ ነፋው። መጣሁ ብዬዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ አልሄድም፤ አስካለ ያን ለት ጠዋት ጆንያውን ስታሸክመኝ እንዲህ ብላኝ ነበር፦ "ቀድሞ የኛ ይዘርገፍ።"