ያልነበረው ስብሰባ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ቀብርህ ላይ ብዙ ሰው ስለ አንተ ሲናገር እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሐዘኑ ጸንቶባት ነው ብለው ተዉኝ። እውነቱን ግን ላንተ ልጻፍልህ።

ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ያንን ስትሰድበው የኖረችውን የቱታ ጃኬትህን ከነጠላዋ ሥር ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የሮቤ ብርድ ነው ትላለች። ጎባ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ እሷ ዘንድ ገብቻለሁ፤ ለሥራ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ።

ያን አርብ ደውለህ "ነገ የቴኒስ ልጆቹን ያዢልኝ፣ ደረቴን ከበድ ብሎኛል" ስትለኝ ስብሰባ አለብኝ አልኩህ። ስብሰባ አልነበረኝም። ሌላ ጉዳይም አልነበረኝም። እኔው ራሴ የስፖርት መምህርት ሆኜ፣ አናጢ በጠረበው ራኬት፣ በሁለት እንጨት መሃል በተወጠረ ገመድ ቅዳሜዬን ማሳለፍ ሰለቸኝ። ጡረታ ወጥተህም የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ቴኒስ ማስተማርህን ባልደረቦቼ ሲያነሱት አፍርብህ ነበር። ሐኪም ጋ ሂድ እንኳ አላልኩህም። "በርቺ፣ ሥራሽን ሥሪ" ብለህ ስልኩን ዘጋህ።

በማግስቱ ራስህ ሄድክ። ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት፣ ሰርቭ፣ ስታሳያቸው ወደቅክ፤ ሐኪም ጋ ሳያደርሱህ አለፍክ።

በሁለተኛው ወር ልጆቹ ቤት ድረስ መጥተው አስተምሪን አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ቅዳሜ አቋቋማቸውን ሳይ እንባዬ መጣ። ራኬቱን የሰው እጅ እንደሚጨብጡ ይዘው፣ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ ኳስ ሲመጣ ጎናቸውን ለገመዱ እየሰጡ ይመቱ ነበር። እኔንም በስምንት ዓመቴ እንደዚያው ነው ያስተማርከኝ። ከኋላዬ ቆመህ ክንዴን ይዘህ፣ "አትቸኩዪ፣ ኳሷ ራሷ ትመጣለች" ትለኝ ነበር።

አንዷ ግን አልመጣችም። ሃዊ፣ ያቺ ግራኟ የሰባተኛ ክፍል ልጅ። ጓደኞቿ ራኬት መንካት ትታለች ሲሉኝ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ አዴ ፋጡማ በር ላይ ተቀብላኝ፣ "ለእኔ አልናገር ብላለች፤ እስቲ አንቺ ጠይቂያት" አለችኝ።

ሃዊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ "እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች። "ደክሞኛል ብሎ ሊቀመጥ ነበር። ባርሲሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድገምልን አልኩት።"

በኦሮምኛ መምህር ብላ ስትጠራህ ድምጿ ተሰበረ። አባዬ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእኔን ሸክም ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን ተሸክማ ነበር።

"ያን ቀን መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ" አልኳት፣ እናቷ እየሰማች። "አሞኛል ብሎኝ ነበር። ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸሁት።"

ሃዊ ቀና ብላ አየችኝ። "እሱ ግን፣ ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው፤ አንድ ቀን ስትመጣ ታያላችሁ፣ ከእኔ ትበልጣለች ብሎን ነበር" አለችኝ።

ስትወድቅ አጠገብህ አልነበርኩም። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ እያየ የወደቅክ ያህል ተሰማኝ። አዴ ፋጡማ እጄን ይዛ፣ "አጀሉ ደርሶ፣ ቀኑ ሞልቶ ነው። አላህ የቆረጠውን አንቺም እሷም አታስቀሩትም" አለች። ለልጇ ተቀበልኩላት። ለራሴ ግን አልቻልኩም።

ሃዊ በሳምንቱ መጣች። ሁለት ቅዳሜ ኳስ ስትለቅም ብቻ ዋለች። በሦስተኛው ግን ማንም ሳይነግራት መስመሩ ላይ ቆመች፤ ኳሷን ወደ ላይ ለቀቀች፣ መታቻት፤ ኳሷም ገመዱን አለፈች። ልጆቹ ሲጮኹ እኔ ፊቴን ከሜዳው ጎን ወዳለው የስንዴ ማሳ አዞርኩ።

ለእማዬ እንደዋሸሁህ እስካሁን አልነገርኳትም። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እነግራታለሁ፤ የምትለውን ትበለኝ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው። ቃል የምገባልህ ይህን ብቻ ነው፦ ስምህ በተነሳ ቁጥር፣ ደግ ሰው ነበር ብዬ ብቻ አላልፍም። አሞህም እንደሄድክ፣ የጠራኸኝም ያልመጣሁትም እኔ እንደሆንኩ ሳልሸሽግ፣ በሙሉው አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሰላማዊት