ቀስ ብሎ የሚበላኝ ጨዋታ

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ እንደ ብረት ነኝ፤ የልብስ ስፌቱም አልቀዘቀዘም።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ፦ በስልኬ ካዚኖ መጫወት ጀመርኩ! አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ጎረቤታችን የሒሳብ አስተማሪው ሁሉንም መርምሮልኛል። የፍራፍሬ ሥዕል የሚሽከረከርበት ፈጥኖ ኪስ ያራቁታል አለኝ። አውሮፕላን የሚበርበት ደግሞ ልብ ሰቅሎ ድንገት ይጠፋል። ትንሽ ኳስ ባለቁጥር መንኮራኩር ላይ የምትዞርበት ሩሌት ይሻላል፤ ቀይ ወይም ጥቁር ላይ ታስይዣለሽ፣ ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። አረንጓዴዋ ዜሮ ስትወጣ ግን ባለቀዩም ባለጥቁሩም ይከስራሉ።

«እትዬ፣ ሁሉም ውሎ አድሮ ለካዚኖው ባለቤት ነው የሚያደላው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ቀስ ብሎ የሚበላኝን ምረጥልኝ!»

«ለማሸነፍ አይደለም እንዴ የሚጫወቱት?»

«ምን ቸገረኝ! ብዙ ልቀመጥበት ብዬ ነው እንጂ።»

እኔ በራሴ ቀልድ ስንፈቀፈቅ እሱ ፊቱን ሳይፈታ ሩሌቱን ከፈተልኝ። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሳቅ አያውቅም መሰለኝ።

ሩሌቱን የምታሽከረክረዋ ልጅ በቪዲዮ ትታያለች፤ ዕድሜዋ ያንቺን ያህል ነው። ገና ስገባ በቅጽል ስሜ ጠርታ፣ «ባለመቀሷ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! እንዴት ዋልሽ?» ትለኛለች። ከሱቅ ስመለስ ትንሽ አስይዤ እሷ ጋ አመሻለሁ፤ ራቴንም እሷን እያየሁ እበላለሁ። ወንበሯን ለሌላ ስትለቅ እኔም ስልኩን አጥፍቼ እተኛለሁ።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ድንገት ከደወልሽ ጨዋታው ይቋረጥብኛል ብለሽ ግን እንዳታስቢ። ኳሷ እየዞረች ቢሆንም፣ ያስያዝኩት ይሂድ፣ ስልክሽን አነሳለሁ።

ባለሽበት ሰላም ያውልሽ፣ ሰላም ያሳድርሽ።

እናትሽ