ከዋንዛው ወዲያ ያለው ቅጠል

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ፦ ለክቡር የሰፈራችን የጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? በስብሰባ ብዛት የሚጎዳውን ወገብዎን፣ በፊርማ ብዛት የሚደክመውን ጣትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ ከጭድ ተራ ጀርባ ባለው ግቢ አርባ አንድ ዓመት የኖርኩት ወይዘሮ የሺ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤትዎ በጥቅምት 28 ቀን በማኅተም አስደግፎ «ለሰፈሩ ገጽታ የማይመጥን» ደጅ እንዳለኝ ካሳወቀኝ ወዲህ እንቅልፌ እንደ ቀድሞው አይደለም።

በአጻጻፌ እንዳይገረሙ። ባለቤቴ ፈለቀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ሃያ ስድስት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። «የሺ፣ ባለሥልጣን የሚወቀሰው ከነሙሉ ማዕረጉ ነው» ይለኝ ስለነበር፣ እዚህ ውስጥ «ክቡር» የሚለው ቃል ቢበዛብዎ የእሱ ትምህርት ነው። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ያወጣሁትም መዝገብ ቤትዎ ሦስት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» ስላለኝና በእኔ ዕድሜ ነገ የሚባለው ነገር እንደ ልብ የሚገኝ ባለመሆኑ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ባጭሩ ላስረዳ። በግቢያችን መሐል አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ከሥሩም በመርካቶ ምድር ሣር አለኝ ብል ሰው የሚስቅብኝ፣ አሥር እርምጃ በስድስት የሚሆን ሣር አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ዋንዛው እንደ ሰፌድ የሚሰፋውን ቅጠሉን ሣሩ ላይ ያራግፋል። የጽሕፈት ቤትዎ ማስጠንቀቂያ ቅጠሉ እስከ ኅዳር 8 ካልተነሣ «የቅጠሉ ምንጭ እንዲወገድ ይደረጋል» ይላል። ወረቀቱን ያመጡልኝን ባለሙያዎን አቶ ጥላሁንን የቅጠሉ ምንጭ ማለት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው ቀና ብለው ዛፉን አዩት። እኔም አብሬ አየሁት። እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ፈለቀ «ያልተቆጠረ አቤቱታ አይነበብም» ይል ነበርና።

፩. ክቡር ሆይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የእርስዎ ያልሆነ ሌላ ጽሕፈት ቤት ካርታ ይዞ መጥቶ በዋንዛው ግንድ ላይ ቀይ መስመር አሳለፈ። ከመስመሩ ወዲያ ያሉት ቤቶች ለልማት ይነሡ፣ ወዲህ ያለው የእኔ ቤት ይቆይ ተባለ። ወዲያ የነበረችው ጎረቤቴ ጠሂራ ናት። ከወሎ መጥታ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም ስትሸጥ የኖረች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ክፉና ደጉን አብረን ያየን፣ ፈለቀን አብራኝ የቀበረች ሴት ናት። በሯ ታሸገ፣ ዕቃዋ ተጫነ፣ ሄደች። ልማቱን በተመለከተ እስካሁን በዚያ በኩል የተገነባ ነገር ቢኖር የሸረሪት ድር ነው። ስለሆነም ከዋንዛው ወዲያ የወደቀው ቅጠል በሕግ የመንግሥት ቅጠል መሆኑን ሳስታውስዎ በታላቅ አክብሮት ነው፤ የመንግሥት ንብረት ደግሞ ያለ ደብዳቤ አይነካም።

፪. ማስጠንቀቂያው በሁለት ቅጂ ተጽፎ የመጣ ሲሆን አንዱ የእኔ፣ ሌላው «በግቢው ነዋሪ ለሆኑት ለወይዘሮ ጠሂራ» የሚል ነው። አንዱ ቢሮ ያስነሣትን ሌላው ቢሮ በድሮ አድራሻዋ ይጽፍላታል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባችሁ ነበር። እኔ ግን ስሟ ከስሜ ሥር ተጽፎ ባየሁ ጊዜ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። እዚህ ናት ብሎ የሚያምን አንድ መዝገብ እንኳ ተገኘ።

፫. ባለሙያዎ «ግማሹ የተጠረገ፣ ግማሹ ያልተጠረገ፣ በመሐል በግልጽ የሚታይ መስመር ያለው» ብለው የጻፉት ትክክል ነው፤ ዓይናቸውን አመሰግናለሁ። በ፩ ቁጥር የመንግሥት ቅጠል ያልኩት ለክርክር እንዲያመቸኝ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። እኔና ጠሂራ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሣሩን የምንጠርገው ተካፍለን ነው። እኔ ከእኔ ግድግዳ፣ እሷ ከእሷ ግድግዳ ተነሥተን ዋንዛው ሥር እንገናኛለን። ቀድማ የደረሰች መጥረጊያዋን ተደግፋ ሌላዋን ትሳለቅባታለች። እሷ ከቀደመች «የሺዬ፣ ጾሙ ነው እንዴ ጉልበት ያሳጣሽ?» ትለኛለች፤ እኔ ከቀደምኩ «ሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴት እንዲህ ትቀዘቅዛለች?» እላታለሁ። አንዷ የሌላዋን ድርሻ መንካት ግን ነውር ነው። አንድ ጊዜ ወባ ይዟት ተኝታ ሳለ አዝኜላት የእሷን ወገን ጠርጌ ነበር። ተነሥታ ስታየው እኮ እሳት ሆነች! «ሞቻለሁ እንዴ የሺ? ምን ብለሽ ነው ድርሻዬን የጠረግሽው?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን እሷው ራሷ በርበሬ ይዛ መጥታ ታረቅን።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ፍርዱን ይስጡ። ያኔ አልጋ ላይ ሆና ሳለች ያን ያህል የተቆጣችኝን ሴት፣ ዛሬ በሌለችበት ድርሻዋን ብጠርግባት ምን ማለቴ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ መጥረጊያዬን ይዤ እስከ ዋንዛው እደርሳለሁ፤ እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። የሚሳለቅብኝ የለም። ተመልሼ እገባለሁ።

፬. በኅዳር ፲፪ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ከምሮ በሚያጥንበት ቀን፣ እኛም የሁለታችንን ቅጠል አንድ ክምር አድርገን እናቃጥለው ነበር። ለእኔ የሚካኤል ዕለት ነው፤ ለእሷ አይደለም፤ ግን «በሽታ ሃይማኖት አይጠይቅም» ብላ ክብሪቱን የምትጭረው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ዘንድሮ ጽሕፈት ቤትዎ ጭስ ለአየሩ አይበጅም ብሎ ሲከለክል ተቀብያለሁ፤ በጆንያ እንሞላዋለን። አየሩን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን።

፭. ጠሂራ አሁን ያለችው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሦስት ታክሲ በሚያስይዝ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አልወርድ ብሏታል። አርብ አርብ ከሶላት በኋላ እንደዋወላለን፤ በዚህ ወራት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ ሳይሆን «ቅጠሉ ረገፈ?» ብላ ነው። የማስጠንቀቂያውን ነገር ስነግራት «አብሽሪ የሺዬ፣ ኅዳር ፲፪ መጥቼ ድርሻዬን እጠርጋለሁ፣ ወላሂ» አለችኝ። ላለመዋሸት አምናም እንዲሁ ብላኝ ነበር። አምና ክብሪቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ጠበቅኳት፤ እሷን ግን ስትወርድ ደረጃው ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀራት።

፮. ባለሙያዎ በሬን ስላንኳኩ አመሰግናለሁ። ሲንኳኳ ሰው መጣ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ፤ ሻይ ላፍላ ብላቸው ሥራ አለኝ ብለው ወረቀቱን ሰጥተውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢውን ደንብ እያነበብኩ ነው፤ ሌላ ምን ጥፋት ባጠፋ ተመልሰው ይመጡ ይሆን እያልኩ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። እርስዎ የሰጡኝ ቀን ኅዳር 8 ነው፤ ጠሂራ የምትመጣው ኅዳር 12 ነው። በመካከላቸው ያሉት አራት ቀናት ብቻ ናቸው። እነዚህን አራት ቀናት እንዲጨምሩልኝ እለምንዎታለሁ፤ ስለ ሌላው ሁሉ እንደ ወደዱ ይቅጡኝ። ዋንዛው ከተቆረጠ ቅጠል አይረግፍም፤ ቅጠል ካልረገፈ ጠሂራ አራት ፎቅ ወርዳ፣ ሦስት ታክሲ ይዛ የምትመጣበት ምክንያት አይኖራትም፤ «መጥተሽ እዪኝ» ብዬ እንዳልለምናት ደግሞ ሁለታችንም ኩሩዎች ነን። በቅጠል ነው የምንጠራራው። ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ቀላል ነገር እንደሚሆን ይገባኛል፤ ለእኔ ግን የቀረኝ እሱ ነው።

ያ ቀን ደርሶ ካልመጣችም መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አይላኩብኝ። አንድ ሰው ብቻ ይላኩልኝ፤ ማንም ይሁን። ከወዲያኛው ግድግዳ ተነሥቶ እየጠረገ እስከ ዋንዛው ይምጣ፤ እኔም ከወዲህ እመጣለሁ።

ለሰፈሩ ገጽታ ባልመጥንም፣ ቅጠል ስጠርግ የማጎነብሰውን ያህል ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ደጅዎም ሰው የማይጠፋበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ወይዘሮ የሺ
(የግማሽ ሣር ባለቤት)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጠሂራ፣ አራተኛ ፎቅ
ለቅጠሉ ምንጭ፣ ባለበት

ማሳሰቢያ፦ የጠሂራን ቅጂ እኔ ልፈርምላት ባለመቻሌ ባለሙያዎ በታሸገው በሯ ሥር አስቀምጠውት ሄደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠል ስለወረደበት ወረቀቱ አይታይም። ጽሕፈት ቤትዎ ሰነዱን ማንሣት ከፈለገ አስቀድሞ መጥረግ ይኖርበታል። ዋንዛው ላይ መጥረጊያ ተሰቅሎ ያገኛሉ፤ እሱን እንዳትነኩ፣ የጠሂራ ነው። የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።